ፕለጊኖች ማይንክራፍት ሰርቨር ላይ በትክክል መጫናቸውን መፈተሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት መልሶች ለማይንክራፍት ጃቫ እትም፣ ስፒጎት ወይም ፔፐር በተባሉት የሰርቨር ሶፍትዌሮች ለሚሠሩ ሰርቨሮች ናቸው። ፐርፐርን የመሰሉ ከፔፐር የተወለዱትንም ይመለከታሉ። ትዕዛዞችን፣ የፋይል ስሞችንና የስህተት መልእክቶችን እንደ አነባበባቸው ጽፈናቸዋል፤ ኮንሶል (የሰርቨሩ የትዕዛዝ መስኮት) ላይ በላቲን ፊደል ይተይቧቸው። ጨዋታው ውስጥ ከትዕዛዙ በፊት ያጋደለ መስመር ይገባል፣ ኮንሶል ላይ አያስፈልግም።

ፕለጊን «ተጭኗል» የሚባለው መቼ ነው?

ፕለጊን፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ አዲስ ሥራ የሚጨምር ፕሮግራም፣ ሥራ ላይ እስኪውል አራት ደረጃ ያልፋል። በመጀመሪያው ሰርቨሩ «ፕለጊንስ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የጃር ፋይል (የጃቫ ፕሮግራም የታሸገበትን) ከፍቶ የመግለጫ ፋይሉን፣ ማለትም «ፕለጊን.ያምል»ን ያነባል። የፕለጊኑን ስም፣ ቨርዥኑን፣ ዋና ክላሱንና የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፕለጊኖች የሚያውቀው ከዚያ ነው። በሁለተኛው ኮዱን ይጭናል። በሦስተኛው ያነቃዋል፤ ትዕዛዞቹ የሚመዘገቡት፣ ኮንፊጉ (የቅንብር ፋይሉ) የሚነበበው፣ ዳታቤዝ ካለው የሚገናኘው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። አራተኛውን ደረጃ ሰርቨሩ ራሱ አያውቀውም፦ ፕለጊኑ ለተጫዋቹ የተባለውን ሥራ በእርግጥ መሥራቱ።

ብዙ ጊዜ ሰው ሦስተኛው ደረጃ ላይ «ነቅቷል» የሚል መስመር ያይና ሙከራውን ያቆማል። ተጫዋቾች ቅሬታ የሚያመጡት ግን ከአራተኛው ነው።

በአጭሩ ለማየት የትኛው ትዕዛዝ ይበቃል?

«ፕለጊንስ» ወይም «ፒኤል» ብለው ይተይቡ። በአረንጓዴ የተጻፈው ነቅቷል። በቀይ የተጻፈው ኮዱ ተጭኖ ሲነቃ ወድቋል፣ ወይም የሚያስፈልገውን አጥቶ ራሱን አጥፍቷል። ስሙ ጭራሽ ከሌለ ፋይሉ አልተነበበም፣ አለዚያም የግድ የሚያስፈልገው ሌላ ፕለጊን ስለሌለ ሰርቨሩ ሳይጭነው አልፎታል። ሦስቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

ከዚያ «ቨርዥን» ብለው የፕለጊኑን ስም ያስከትሉ። የወጣው ቁጥር አዲስ ካስገቡት ፋይል ቁጥር ጋር ካልገጠመ፣ የሚሠራው አሮጌው ጃር ነው። ይህ ከሚጠበቀው በላይ ያጋጥማል።

አንዳንድ የአስተናጋጅ ፓነሎች ቀለም አያሳዩም። እንደዚያ ከሆነ ኦፕ (ሙሉ የአስተዳዳሪ መብት ያለው ተጫዋች) ሆነው ጨዋታው ውስጥ ገብተው ይመልከቱ።

ሎጉ (ሰርቨሩ የሚሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ረጅም ነው። የቱን ላንብብ?

«ሎግስ» ፎልደር ውስጥ «ሌተስት.ሎግ» የሚባለውን ይክፈቱ። የቀደሙት እዚያው በቀን ተሰይመውና ተጨምቀው ይቀመጣሉ። ኮንሶሉ ላይ የሚታየውን ብቻ ማንበብ አይበቃም፤ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ወደ ላይ ሸሽተው ይጠፋሉ፣ የችግሩ መነሻ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እነሱ ውስጥ ነው።

ከላይ ወደ ታች ያንብቡ። መነሻው የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ነው፤ መድረሻው «ደን» ብሎ ሰርቨሩ በስንት ሰከንድ እንደተነሳ የሚናገረው። በሁለቱ መካከል ለእያንዳንዱ ፕለጊን ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ «ሎዲንግ» እና «ኢኔብሊንግ»። ሁለተኛው ኖሮ ወዲያው ከሥሩ «ኤረር ኦከርድ ዋይል ኢኔብሊንግ» ከተከተለ ፕለጊኑ ሲነቃ ወድቋል። «ኩድ ኖት ሎድ» የሚል ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የቀረው።

ስህተት ሲገኝ ሁለት ነገር ያስታውሱ። አንደኛ፣ ከብዙ ስህተቶች መጀመሪያ የወጣውን ይያዙ። ወርልድጋርድ ያለ ወርልድኤዲት አይነሳም፤ ስለዚህ ወርልድኤዲት ሲወድቅ ወርልድጋርድም፣ ወርልድጋርድን የሚፈልገውም ተከታትለው ይወድቃሉ። ሎጉ ሦስት የተበላሹ ፕለጊኖች ያሉ ያስመስላል፤ የሚጠገነው አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ስህተት ውስጥ ያሉት መስመሮች ሲረዝሙ «ኮዝድ ባይ» የሚሉትን ይፈልጉና የመጨረሻውን ያንብቡ። እውነተኛው ምክንያት እዚያ ነው። ከሥሩ ባሉት መስመሮች የማን ኮድ እንደወደቀ በፓኬጁ ስም ይታወቃል፤ አንዳንዴ ስሙ ከተጠራው ፕለጊን ሌላ ይሆናል።

ቢጫ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ችግር አይደለም። «አዲስ ቨርዥን ወጥቷል» የሚለው ማሳሰቢያ ነው። «ሌጋሲ ፕለጊን» የሚለው ፕለጊኑ ከ1.13 በፊት ለነበረው አሠራር እንደተጻፈ ወይም ደራሲው የኤፒአይ (ፕለጊኖች ሰርቨሩን የሚጠሩበት ይፋዊ መንገድ) ቨርዥን እንዳልጻፈበት ይናገራል፤ ሊሠራ ይችላል፣ ግን ሰርቨሩ የድሮ ቁሳቁስ ስሞችን ለመተርጎም ተጨማሪ ሥራ ስለሚጫንበት አነሳሱ ይዘገያል። ተተኪ ካለው ይቀይሩት።

የሙከራ ሰርቨር የግድ ያስፈልጋል?

ተጫዋቾች ያሉበት ሰርቨር ከሆነ አዎ። የዓለም ፋይል አንዴ ከተበላሸ ፕለጊኑን ማውጣት አይመልሰውም።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ሌላ ፎልደር ይፍጠሩና ዋናው ሰርቨር የሚጠቀምበትን ያንኑ የፔፐር ጃር ይቅዱ፤ የማይንክራፍት ቨርዥኑ ብቻ ሳይሆን የቢልድ ቁጥሩም አንድ ይሁን። ጃቫውም እንዲሁ። አንዴ ያስነሱት፤ የተጠቃሚ ስምምነቱን እስኪቀበሉ ድረስ ራሱ ይቆማል። «ዩላ.ቲኤክስቲ» ውስጥ «ፎልስ» የሚለውን ወደ «ትሩ» ቀይረው እንደገና ያስነሱ። ሁለቱ ሰርቨሮች አንድ ማሽን ላይ ከሆኑ «ሰርቨር.ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ፖርቱን ከ25565 ወደ 25566 ይለውጡ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ፖርቱ ተይዟል ብሎ አይነሳም። ለጥቂት ፕለጊኖች 2 ጊጋባይት ራም ይበቃል፤ የዋናውን ሰርቨር ሙሉ ስብስብ ለመሞከር ከ4 ጊጋባይት ይጀምሩ። ዋይትሊስቱን (እንዲገቡ የተፈቀደላቸውን ስም ዝርዝር) አብርተው ራስዎንና ረዳቶችዎን ብቻ ያስገቡ።

አሁን በጥንቃቄ፦ የዋናውን ሰርቨር የፕለጊን ፎልደር ከቀዱ የይለፍ ቃሎቹንም ቀድተዋል። ላክፐርምስ (የተጫዋቾችን ፈቃድ የሚያስተዳድር ፕለጊን) ወይም ሌላ ፕለጊን ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር የሚገናኝ ከሆነ የሙከራው ሰርቨር በቀጥታ የእውነተኛ ተጫዋቾችን መረጃ ይነካል። ሰርቨሩን ከማስነሳትዎ በፊት በየኮንፊጉ የዳታቤዙን ስም ይቀይሩ ወይም ወደ ፋይል ማስቀመጫ ይመልሱ። የዲስኮርድ ማገናኛ ካለም የቦቱን ቶክን (የመግቢያ ቁልፍ) ያውጡ፤ ካልሆነ አንዱ ቦት ከሁለት ሰርቨር ይናገራል። ዓለሙን ሲቀዱ ዋናው ሰርቨር የቆመ ይሁን፤ እየተጻፈበት ያለ ፋይል ጎደሎ ሆኖ ይቀዳል።

ሙከራውን በምን ቅደም ተከተል ላድርግ?

1. ሰርቨሩን ያለ ምንም ፕለጊን አስነስተው ይዝጉ። እዚህ ላይ ስህተት ካለ ከፕለጊን ጋር አይገናኝም።
2. ፕለጊኑ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፕለጊኖች አስገብተው ያስነሱ።
3. ሰርቨሩን አቁመው የሚሞከረውን ፕለጊን ለብቻው ያስገቡ፤ እንደገና አስነስተው ሎጉንና የፕለጊን ዝርዝሩን ይመልከቱ።
4. በፕለጊኑ ስም አዲስ ፎልደርና ኮንፊግ መፈጠሩን ያረጋግጡ። ኮንፊግ የሌላቸው ፕለጊኖችም ስላሉ የፕለጊኑን መመሪያ ያንብቡ።
5. ጨዋታው ውስጥ ገብተው ዋና ዋና ትዕዛዞቹን ይሞክሩ። አንዴ በኦፕ፣ አንዴ ኦፕ ባልሆነ አካውንት።
6. «ስቶፕ» ብለው በደንብ ይዝጉት፤ ሲዘጋ የሚወጣውንም ያንብቡ።
7. ምንም ሳይቀይሩ ለሁለተኛ ጊዜ ያስነሱት።

ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ብዙ ሰው ይዘላቸዋል፤ ሆኖም ከሁሉ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። ፕለጊን መጀመሪያ ሲነሳ የሚያነበው አብሮት የመጣውን ያልተነካ ኮንፊግ ነው። መረጃውን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው ሲዘጋ ነው፤ ያስቀመጠውን መልሶ ማንበብ መቻሉ የሚታየው ደግሞ ሁለተኛው ላይ ነው። ቤት መመዝገቢያ ፕለጊን ከሆነ አንድ ቤት መዝግበው፣ ሰርቨሩን ዘግተው ከፍተው፣ ወደዚያው ቤት መመለስ መቻልዎን ይፈትሹ። አረንጓዴ ቀለም ይህንን አይነግርዎትም።

ፋይሉን አስገብቻለሁ፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ጭራሽ የለም።

መጀመሪያ ቦታውን ይዩ። ጃሩ «ፕለጊንስ» ፎልደር ውስጥ በቀጥታ መቀመጥ አለበት፤ በሌላ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ያለ ጃር አይነበብም። የስሙ መጨረሻም ጃር መሆን አለበት። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያን ስለሚደብቅ «ጃር» የሚመስለው ፋይል በእርግጥ «ጃር.ዚፕ» ሊሆን ይችላል። የወረደው ዚፕ ከሆነ ደግሞ ጃሩ በውስጡ ይሆናል፤ ፈትተው ያውጡት።

ቀጥሎ መጠኑን። ማውረጃው ተቋርጦ ወይም በጃሩ ፋንታ የድረ ገጹ ገጽ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ዜሮ ባይት የሆነ ወይም ምንጩ ገጽ ላይ ከተጻፈው መጠን በጣም ያነሰ ፋይል ይህ ነው፤ ሎጉ ላይም ዚፕ ፋይሉን መክፈት አልተቻለም የሚል መልእክት ይወጣል። በፓነል ሲጭኑ መስቀያው መቶ በመቶ ሳይደርስ ሰርቨሩን ማስነሳትም ተመሳሳይ ውጤት አለው።

ሎጉ «ፕለጊን.ያምል የለውም» ካለ ፋይሉ የዚህ ሰርቨር ፕለጊን አይደለም። ምናልባት የፎርጅ ወይም የፋብሪክ ሞድ ነው፤ ሞድ እንዲህ ባለ ሰርቨር አይሠራም፣ ጃር መሆኑ አያመሳስላቸውም። ወይም የፕሮክሲ (ተጫዋቾችን ወደ ብዙ ሰርቨሮች የሚያስተላልፍ መግቢያ) ፕለጊን ነው፤ የቬሎሲቲና የባንጂኮርድ ፕለጊኖች የሚቀመጡት ፕሮክሲው ፎልደር ውስጥ ነው። ወይም የፕለጊኑን ምንጭ ኮድ አውርደዋል፤ ጊትሃብ ላይ «ሶርስ ኮድ» ከሚለው ሳይሆን ከተዘጋጁት ፋይሎች መካከል ጃሩን ይምረጡ።

ሊኑክስ ላይ ሌላ አንድ ምክንያት አለ፦ ፋይሉን በሩት (በማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) አስገብተው ሰርቨሩ የሚሠራው በሌላ ተጠቃሚ ከሆነ ጃሩን ማንበብ አይፈቀድለትም። ባለቤትነቱን ያስተካክሉ።

«አንኖውን ዲፔንደንሲ» ይላል።

ከመልእክቱ ቀጥሎ የተጻፈው ስም የጎደለው ፕለጊን ነው። ያንን አስገብተው እንደገና ያስነሱ። ስሙ ያለው ፕለጊን ፎልደሩ ውስጥ ካለ ወደ ላይ ሄደው እሱ ራሱ ለምን እንዳልተጫነ ይፈልጉ።

ፕለጊን ሌላውን የሚፈልግበት መንገድ ሁለት ነው። «ዲፔንድ» ተብሎ የተጻፈው የግድ ነው፣ ከሌለ አይጫንም። «ሶፍትዲፔንድ» የተባለው ካለ ይጠቀምበታል፣ ከሌለም ያልፈዋል። ይኸኛው ሲጎድል ሎጉ ላይ ቀይ ነገር አይወጣም፤ ፕለጊኑ አረንጓዴ ሆኖ ከፊሉ ሥራው ብቻ ዝም ይላል። የጠፋ የሚመስል ገጽታ ካለ ጃሩን በማንኛውም የዚፕ መክፈቻ ከፍተው ፕለጊን.ያምልን ያንብቡ፤ ተራ ጽሑፍ ነው። አዲሶቹ የፔፐር ፕለጊኖች «ፔፐር-ፕለጊን.ያምል» የሚባል የራሳቸው መግለጫ ሊኖራቸው ይችላል።

«አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን ኤረር» ምንድን ነው?

ፕለጊኑ የተሠራው ሰርቨርዎ ከሚሠራበት ለሚበልጥ ጃቫ ነው። መልእክቱ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ከእያንዳንዱ 44 ሲቀንሱ የጃቫውን ቨርዥን ያገኛሉ። 65 ማለት ጃቫ 21፣ 61 ማለት ጃቫ 17፣ 52 ማለት ጃቫ 8 ነው። ስለዚህ «65 ነው፣ የማውቀው እስከ 61 ነው» ካለ ሰርቨሩ በጃቫ 17 ላይ ነው፣ ፕለጊኑ 21 ይፈልጋል።

ማይንክራፍት 1.17 ጃቫ 16ን፣ 1.18 ጃቫ 17ን፣ 1.20.5 ደግሞ ጃቫ 21ን ይጠይቃሉ። ጃቫን ከፍ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ይፈታል፤ በጣም የቆየ ሰርቨር ግን በአዲስ ጃቫ ላይነሳ ስለሚችል በሙከራው ላይ ይጀምሩ። አዲስ ጃቫ ተጭኖ ስህተቱ ከቀጠለ የማስነሻ ስክሪፕቱ አሁንም አሮጌውን ይጠራል። ማሽኑ ላይ ሁለት ጃቫ ሊኖር ይችላል፤ ስክሪፕቱ ውስጥ የአዲሱን ሙሉ አድራሻ ይጻፉ።

«አንሰፖርትድ ኤፒአይ ቨርዥን» ከሱ ይለያል?

ይለያል። እዚህ ላይ ጃቫው ደህና ነው፤ ፕለጊኑ ከሰርቨርዎ ለሚበልጥ ማይንክራፍት ተጽፏል። ለሰርቨርዎ ቨርዥን የወጣውን የቀደመ ፋይል ይፈልጉ። ጃሩን ከፍቶ ቁጥሩን በእጅ ዝቅ ማድረግ ሰርቨሩን ያታልላል እንጂ የጎደለውን ኮድ አያመጣም፤ ስህተቱ ከመነሻ ወደ ጨዋታ መሀል ይሸጋገራል።

ሰርቨሩን ካሻሻልኩ ወዲህ «ኖ ሰች ሜተድ» ወይም «ክላስ ኖት ፋውንድ» በዛ።

ፕለጊኑ የሚጠራው ኮድ በአዲሱ ሰርቨር ውስጥ ስሙ ተቀይሯል ወይም ተነሥቷል። በይፋዊው ኤፒአይ ብቻ የተጻፉ ፕለጊኖች ለብዙ ቨርዥን ይቆያሉ። የማይንክራፍትን የውስጥ ኮድ በቀጥታ የሚነኩት ግን በየማሻሻያው ሊሰበሩ ይችላሉ፤ ወርልድኤዲትና ፕሮቶኮልሊብን የመሰሉ ፕለጊኖች በየጊዜው አዲስ ፋይል የሚያወጡት ለዚህ ነው። ፔፐር ከ1.20.5 ጀምሮ የውስጥ ፓኬጁን ስም ከቨርዥን ቁጥር ጋር ማያያዙን ስለተወ፣ ያንን ቁጥር ከስሙ ቆርጠው ቨርዥን የሚለዩ የቆዩ ፕለጊኖች እዚያ ላይ ወድቀዋል።

ከእርስዎ በኩል የሚጠገን ነገር የለም። ፕለጊኑን ያዘምኑ፣ ከሌለ ይተኩ፣ ያለሱ የማይሆን ከሆነ ሰርቨሩን ገና አያሻሽሉ። ሰርቨሩን ወደ አዲስ ቨርዥን ካነሱ በኋላ መመለስ ደግሞ የተሻሻለውን ዓለም ሊያበላሽ ስለሚችል ከመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ይመለሱ።

ሰርቨሩን ሳልዘጋ በ«ሪሎድ» ብሞክርስ?

አይሞክሩ። ፔፐር ራሱ ትዕዛዙን ከመፈጸሙ በፊት ማረጋገጫ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሪሎድ ሲደረግ የቀድሞው የፕለጊን ኮድ ከማህደረ ትውስታ ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል፤ ሌላ ፕለጊን አሁንም ያንን አሮጌ ኮድ ይዞ ሊቀር ይችላል። የዳታቤዝ ግንኙነቶች ይደራረባሉ፣ ትዕዛዞች ግማሽ ይሠራሉ። ለሙከራ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፦ ደህናው ፕለጊን የተበላሸ ይመስላል፣ የተበላሸውም ደህና። ፕለጊኖችን አንድ በአንድ የሚያወጡና የሚያስገቡ መሣሪያዎችም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ናቸው።

የፕለጊኑ የራሱ ሪሎድ ትዕዛዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮንፊግ ብቻ ከቀየሩ በእሱ ይጠቀሙ፤ ጃር ከቀየሩ ሰርቨሩን ዘግተው ይክፈቱ።

ፕለጊኑ አረንጓዴ ነው፤ ትዕዛዙ ግን አይሠራም።

የሚወጣውን መልስ ይለዩት። «ፈቃድ የለህም» የሚል ከሆነ ፕለጊኑ ደህና ነው፣ ፈቃዱ አልተሰጠም። ላክፐርምስ ካለዎት «ኤልፒ ቨርቦስ ኦን» ብለው የተጫዋቹን ስም ያስከትሉና ትዕዛዙን ያስሞክሩት፤ የትኛው ፈቃድ እንደተጠየቀና ምን ተብሎ እንደተመለሰ በቀጥታ ይታያል። ከግምት ይህ ይሻላል።

«ትዕዛዙ አይታወቅም» ካለ አጻጻፉን ይመልከቱ፤ አንዳንድ ፕለጊኖች ፈቃድ ለሌለው ሰው ትዕዛዙን ስለሚደብቁ ኮንሶል ላይም ይሞክሩት። ትዕዛዙ ሠርቶ የሌላ ፕለጊን መልስ ከመጣ ደግሞ ሁለት ፕለጊኖች አንድ ስም ይጋራሉ። የፕለጊኑን ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ትዕዛዙን ሳያራርቁ ጽፈው ይሞክሩ፤ በዚህ ከሠራ የስም ግጭት ነው። ሁልጊዜ አንዱ እንዲያሸንፍ «ኮማንድስ.ያምል» ውስጥ አማራጭ ስም ይስጡ።

ቮልት ተጭኗል፤ ሱቁ ግን ገንዘብ የለም ይላል።

ቮልት በራሱ ገንዘብ የለውም፤ የሱቁን ፕለጊን ከገንዘቡ ፕለጊን ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ነው። ኢሴንሻልስኤክስን ወይም ሌላ የኢኮኖሚ ፕለጊን ያስገቡ። «ቮልት-ኢንፎ» ብለው ሲተይቡ ከ«ኢኮኖሚ» ጎን «ነን» ካለ የተገናኘ የለም። በፕሌስሆልደርኤፒአይም (በጽሑፍ ውስጥ በፐርሰንት ምልክት የተከበቡ ስሞችን በእውነተኛ መረጃ የሚተካ ፕለጊን) ያው ነው፦ ዋናው ፕለጊን አረንጓዴ ሆኖ ስሞቹ ሳይተኩ ከፐርሰንት ምልክታቸው ጋር እንዳሉ ከታዩ የጎደለው ማስፋፊያው ነው፤ በ«ፓፒ ኢክላውድ ዳውንሎድ» ያውርዱትና «ፓፒ ሪሎድ» ይበሉ።

ኮንፊጉን ቀይሬ ካስነሳሁ በኋላ ፕለጊኑ ወደቀ፣ ወይም ለውጤን አላየውም።

የያምል ፋይል በክፍት ቦታ አሰላለፍ ነው የሚነበበው። የታብ ቁልፍ አይፈቀድም፤ በየደረጃው ሁለት ክፍት ቦታ ያድርጉ። ከሁለት ነጥብ በኋላም አንድ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። የቀለም ምልክት ወይም ነጠላ ጥቅስ ያለበት ጽሑፍ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ይግባ። ሎጉ የመስመርና የዓምድ ቁጥር ይነግርዎታል፤ ጥፋቱ ከተጠቀሰው መስመር ላይ ወይም አንድ ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ይገኛል።

ለውጡ ከጠፋ ምናልባት ፋይሉን የቀየሩት ሰርቨሩ እየሠራ ነው፤ ፕለጊኑ ሲዘጋ በማህደረ ትውስታ የያዘውን ጽፎበታል። መጀመሪያ ያቁሙ፣ ከዚያ ያርሙ።

ፕለጊኑ ቀይ ሆኖ ሎጉ ስለ ዳታቤዝ ያወራል።

«ኮሙኒኬሽንስ ሊንክ ፌይለር» ሰርቨሩ ዳታቤዙ ጋር እንዳልደረሰ ይናገራል፦ አድራሻ፣ ፖርት (ማይኤስኪውኤል በተለምዶ 3306 ነው)፣ ፋየርዎል። «አክሰስ ዲናይድ» ከሆነ ግን ደርሷል፣ የተጠቃሚው ስም፣ የይለፍ ቃሉ ወይም የተሰጠው መብት ነው የተሳሳተው።

አዲሱን ቨርዥን ሳስገባ አሮጌውን መሰረዝ አለብኝ?

አለብዎት። የሁለቱ ፋይል ስም ቢለያይም በውስጣቸው ያለው የፕለጊን ስም አንድ ነው፤ ሰርቨሩ «አምቢጉየስ ፕለጊን ኔም» ብሎ ያማርርና አንዱን ብቻ ይጭናል። የትኛውን እንደሆነ በእርስዎ ምርጫ አይደለም። የኮንፊግ ፎልደሩን ግን አይሰርዙ። ሥራ ላይ ያለ ሰርቨር ከሆነ በ«ፕለጊንስ» ውስጥ «አፕዴት» የሚል ፎልደር ፈጥረው አዲሱን ጃር እዚያ ያስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ሲነሳ ይተካዋል። ስፒጎት ላይ የፋይሉ ስም ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሥራ ላይ ያለ ጃርን በላዩ ላይ መጻፍ ግን ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ክላስ እንዳጣ ያስጮኸዋል።

ብዙ ፕለጊን አለኝ፤ የቱ እንደሚያጠፋ ሎጉ አይናገርም።

ግማሹን ያውጡ። ችግሩ ከቀጠለ በቀሩት ውስጥ ነው፣ ከቆመ ባወጧቸው ውስጥ። የተጠረጠረውን ክፍል እንደገና ለሁለት ይክፈሉ። 40 ፕለጊን ቢኖር ስድስት ጊዜ ማስነሳት ይበቃል፤ አንድ በአንድ ቢሄዱ እስከ 40 ሊደርስ ይችላል። ሲከፍሉ ቮልትና ወርልድኤዲትን የመሰሉ ሌሎች የሚደገፉባቸውን ከሁለቱም ወገን ጋር ያቆዩ፤ ካልሆነ አዲስ ስህተት ራስዎ ፈጠሩ። ችግሩ የሚታየው ሁለት ፕለጊኖች አብረው ሲኖሩ ብቻ ከሆነ ይህ ዘዴ አንዱ ላይ ያደርስዎታል፤ ሁለተኛውን ለማግኘት እሱን አስቀርተው በሌሎቹ ላይ ይድገሙት።

ሁሉም ተነሥቷል፤ ሰርቨሩ ግን ከበደ።

ስፓርክን፣ ማለትም የሰርቨሩን ፍጥነት የሚለካውን መሣሪያ፣ ይጠቀሙ። በፔፐር ከ1.21 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። «ስፓርክ ቲፒኤስ» ፍጥነቱን ያሳያል፤ ጤናማው 20 ነው፣ ለአንድ ቲክ (የጨዋታው አንድ የሥራ ዙር) ያለው ጊዜም 50 ሚሊ ሰከንድ። «ስፓርክ ፕሮፋይለር ስታርት» ብለው ጥቂት ደቂቃ ካስጫወቱ በኋላ ሲያቆሙት ጊዜውን የበላው የትኛው ፕለጊን እንደሆነ በስም ይለያል። ባዶ ሰርቨር ላይ የተለካ ብዙ አይናገርም።

ከፔፐር በተወለደው ፎሊያ ላይስ?

በፕለጊን.ያምል ውስጥ ፎሊያን እደግፋለሁ ብሎ ያልጻፈ ፕለጊን አይጫንም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ፎሊያ ዓለሙን በብዙ ክር (ጎን ለጎን በሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ስለሚያስኬድ ለአንድ ክር የተጻፈ ኮድ መረጃ ያበላሻል። መስመሩን በራስዎ አይጨምሩ።

ፕለጊን እጽፋለሁ። በየጊዜው በእጅ መፈተሽ ሰለቸኝ።

በግሬድል የሚሠሩ ከሆነ «ራን-ፔፐር» የሚባለው የግሬድል ፕለጊን በአንድ ትዕዛዝ ፔፐርን አውርዶ፣ የእርስዎን ጃር አስገብቶ ያስነሳል። ሰርቨር ሳይነሳ የኮዱን አሠራር ለመፈተን ሞክቡኪት አለ። ሞክቡኪት ግን አስመሳይ ሰርቨር ነው፤ የፕለጊን ግጭትንና የውስጥ ኮድን አያይም፣ ስለዚህ እውነተኛ ማስነሻም ይኑርዎት፦ ስክሪፕት ሰርቨሩን ያስነሳ፣ «ደን» የሚለውን መስመር እስከ ሦስት ደቂቃ ይጠብቅ፣ በኮንሶሉ ወይም በአርኮን (ከርቀት ትዕዛዝ መላኪያ) «ስቶፕ» ይላክ፣ ከዚያ ሎጉ ውስጥ ያንተ ፕለጊን «ኢኔብሊንግ» የሚል መስመር መኖሩንና «ኤረር ኦከርድ» አለመኖሩን ይፈትሽ። የሰርቨሩ የመውጫ ኮድ ላይ አይተማመኑ፤ ፕለጊን ወድቆም ሰርቨሩ በሰላም ይዘጋል። አርኮንን ከከፈቱ ፖርቱን (በተለምዶ 25575) ለውጭ ኔትወርክ አያጋልጡ።

በሙከራ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ከየትም የወረደ ፕለጊን ብሞክር ችግር አለው?

አለው። የፕለጊን ኮድ ሰርቨሩን ያስነሳው ተጠቃሚ የሚችለውን ሁሉ ይችላል፤ ፋይል ያነባል፣ ኢንተርኔት ላይ ይልካል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ፍራክቸራይዘር የተባለው ተንኮል አዘል ኮድ በከርስፎርጅና በቡኪት የታወቁ ገጾች በኩል ሳይቀር ተሠራጭቷል። የሚከፈልባቸው ፕለጊኖች «በነፃ» በሚታደሉባቸው ቦታዎች ደግሞ የጓሮ በር የተከፈተበት ጃር የተለመደ ነው። ከደራሲው ገጽ ያውርዱ፣ ሰርቨሩን በሩት አያስነሱ፣ በግል ኮምፒውተርዎ ላይ የሚሞክሩ ከሆነ በቨርቹዋል ማሽን ወይም በኮንቴይነር ውስጥ ያድርጉት።

እርዳታ ስጠይቅ ምን ልላክ?

ከመነሻው እስከ ስህተቱ ያለውን ሙሉውን ሌተስት.ሎግ፣ «ቨርዥን» ሲባል የሚወጣውን የሰርቨር መስመር፣ የጃቫውን ቨርዥንና የፕለጊኖቹን ዝርዝር። የስህተቱን የመጨረሻ ሦስት መስመር በፎቶ አንስቶ መላክ የሚረዳውን ሰው መልሶ ጥያቄ እንዲጠይቅ ብቻ ያደርገዋል። ሎጉን ከመለጠፍዎ በፊት የተጫዋቾችን የአይፒ አድራሻ ያጥፉ፤ ሰው በገባ ቁጥር ከስሙ ጎን ይጻፋል። ኮንፊግም የሚልኩ ከሆነ የዳታቤዝ የይለፍ ቃልና የቦት ቶክን እንዳልቀረበት ይመልከቱ፤ አንዴ ከወጣ መሰረዝ አይበቃም፣ ይቀይሩት።